አካል ጉዳተኛው በንግድ ቤት ውስጥ

በብዙዎቹ የከተማ ንግድ ቤቶች አንድ የቆየ ልማድ አለ። ባለሱቁ ጠዋት በሩን ሲከፍት፣ ይልቁንም በበዓላት ቀን፣ ለነዳያን የሚሆን ዝርዝር ሳንቲም ከገንዘብ መሳቢያው አንድ ጥግ ለይቶ ያስቀምጣል። ሳንቲሙን ከሚቀበሉት መካከል ማየት የተሳናቸው፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ በሥጋ ደዌ ጣቶቻቸው የተጎዱ ሰዎች ይገኙበታል። ልማዱ ከሃይማኖትና ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ነጋዴው አካል ጉዳተኛውን ዘወትር የሚያገኘው ከደጃፉ ውጭ ብቻ በመሆኑ፣ ያው ሰው በመደብሩ ውስጥ ሒሳብ ያዥ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ሻጭ ወይም ዕቃ አቅራቢ ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ይቸግረዋል። ስለዚህ የአገሪቱ ሕግ በዚህ ጉዳይ ከአሠሪው የጠየቀው ምን እንደሆነና መፈጸሙም ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል መግለጹ ለነጋድያን ጥቅም ይኖረዋል።

አስቀድሞ ቁጥሩን መመልከት ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከመቶ ሰው አንድ ያህሉን ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ግምት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው፣ ማለት 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት መሆኑን ገልጧል። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል የተራራቁት ኢትዮጵያውያን ከሌላው ዓለም ይልቅ ጤነኞች ስለሆኑ አይደለም፤ የጥያቄው አቀራረብ ስለሚለያይ ነው። «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አባወራው ጨርሶ የማያየውን ወይም የማይሄደውን ይቆጥራል፤ አንዳንዱም በኀፍረት ይደብቃል። «መነጽር አድርጎም እንኳ ለማየት የሚቸገር፣ ደረጃ ለመውጣት የሚያቅተው አለ ወይ?» ቢባል ግን ዐይናቸው የደከመው አያትም፣ ከግንብ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡ የተጎዳው ልጅም ይቆጠራሉ። ለነጋዴው የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው አቆጣጠር ነው፤ ሦስት ደረጃ ወጥቶ ወደ መደብሩ መግባት ያቃተው ደንበኛ፣ በመዝገብ አካል ጉዳተኛ ቢባልም ባይባልም፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳልና።

ጉዳዩ የደንበኛ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥር ታዳጊ አገሮች ላይ ያደረገውን ጥናት ሲያሳትም፣ አካል ጉዳተኞች ከሥራ ውጭ በመሆናቸው አገሮቹ የሚያጡት ሀብት ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ከ3 እስከ 7 በመቶ እንደሚደርስ አስታውቋል። ይህ ሲባል ሠርቶ ሊገዛ የሚችል ሰው ሳይሠራ፣ ሳይገዛም ይቀራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ እርሱን ለመጦር ከቤተ ሰቡ አንድ ሌላ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም እኅት፣ ከሥራ ገበያ ይወጣል።

ሕጉ ስለ አካል ጉዳተኛ ያለው አስተያየት በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ እጅግ ተለውጧል። በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 ድኩማንን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ሲመሠርት፣ ድኩም ማለት በአካሉ ወይም በአእምሮው ጤና ጉድለት የተነሣ የዕለት ኑሮውን ሊያገኝ የማይችልና ደጋፊ የሌለው ሰው ነው የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር፤ በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርተው ለማደር የማይችሉትንም ከዚሁ ደምሯቸዋል። በዚህ ትርጉም መሠረት ሠርቶ የሚያድር ዐይነ ስውር ድኩም አይባልም፤ ድኩም የተባለውም ሊሠራ አይችልም። ሥራ አለመቻል የትርጉሙ አንድ ክፍል ስለሆነ ማንም አሠሪ ይህን ሰው ልቅጠረው ብሎ ለማሰብ ምክንያት አይኖረውም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 በአንጻሩ አካል ጉዳተኞች የመሥራት መብት እንዳላቸው አወቀ፤ የተወሰኑ የሥራ መደቦችም ለእነርሱ እንዲጠበቁ ፈቀደ። ይህ በጎ አሳብ ነበር። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ሌላ መዘዝ አመጣ፤ አንዳንድ ሥራ ለአካል ጉዳተኛ ከተጠበቀ የቀረው ሥራ የእርሱ አይደለም የሚል ግምት አሳደረ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 የቀድሞውን አዋጅ ሲሽር ይህንኑ በመግቢያው ላይ ገልጧል፤ መደብ መጠበቁ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው ሊሠሩ አይችሉም የሚል አመለካከት እንደፈጠረ አመለከተ። አዲሱ አዋጅ ስለ አካል ጉዳተኛ የሰጠው ትርጉምም ሌላ ነው። ጉዳቱ ብቻውን ሰውየውን ከሥራ አያወጣውም፤ ጉዳቱ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር ሲገናኝ ነው እኩል የሥራ ዕድል የሚቀንስበት አለ። ነጋዴው በዚህ ቃል ላይ ቢያተኩር መልካም ነው። ከሁለቱ ምክንያቶች አንደኛው፣ ማለት ጉዳቱ፣ በሐኪም እጅ ያለ ወይም ከሐኪምም አቅም በላይ የሆነ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከፊሉ በአሠሪው እጅ ይገኛል።

አዋጁ ከአሠሪው የጠየቀው በአጭሩ እንዲህ ነው። በቅጥር፣ በዕድገት፣ በሥልጠናና በደመወዝ በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ከለከለ። እጩዎች ተወዳድረው አካል ጉዳተኛው ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ ለእርሱ ቅድሚያ እንዲሰጠው ደነገገ። አሠሪው የሥራውን ቦታ፣ መሣሪያውንና አሠራሩን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ እንዲያዘጋጅ፣ ለሥራው ረዳት የሚያስፈልገው ሲሆንም ረዳት እንዲመድብለት አዘዘ። ሴት አካል ጉዳተኞች በጾታቸውና በጉዳታቸው ድርብ ሸክም ስላለባቸው ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው፣ በሥራ ቦታም ከጾታ ጥቃት እንዲጠበቁ አስገደደ።

ይህን የሰማ አነስተኛ ባለሱቅ መደንገጡ አይቀርም። ሦስት ሠራተኛ ያለው ሰው ለአንዱ ሠራተኛ ረዳት ከየት ያመጣል? አዋጁ ግን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የማመቻቸት ግዴታው ከአቅም በላይ ጫና የሚያስከትል ሲሆን አሠሪው አይገደድም። ጫናው ከአቅም በላይ መሆን አለመሆኑ የሚለካው ደግሞ በለውጡ ዓይነትና ዋጋ፣ በድርጅቱ ስፋትና አደረጃጀት፣ በሥራ ማስኬጃው ወጪና በሠራተኞቹ ብዛት ነው። እንግዲህ ከመርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሚጠበቀው መቶ ሠራተኛ ካለው አስመጪ ድርጅት ከሚጠበቀው ጋር አንድ አይደለም። «አይመቸኝም» ማለት ግን ከአቅም በላይ ነው ለማለት አይበቃም፤ አሠሪው ሒሳቡን አውጥቶ ማሳየት አለበት።

አዋጁን የጣሰ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ተደንግጓል። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ይህ ገንዘብ ከጥቂት ቀን የነዳጅ ወጪ አይበልጥም፤ ስለዚህ የቅጣቱን ልክ አይቶ ሕጉ የላላ ነው ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ቢኖር አያስገርምም። የአዋጁ ክብደት ያለው በሌላ ቦታ ነው። አመልካቹ በጉዳቴ ምክንያት ተበድያለሁ ብሎ ክስ ሲያቀርብ፣ አድልዎ አለማድረጉን የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ይወድቃል። ክሱንም ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛ ማኅበሩ ወይም የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሊያቀርብ ይችላል። የቅጥሩን ውሳኔ በቃል ብቻ የፈጸመ፣ የፈተናውን ውጤትና የመረጠበትን ምክንያት በጽሑፍ ያልያዘ ድርጅት በዚህ ጊዜ ምን ይዞ እንደሚከራከር መገመት አያዳግትም።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥራ ማስታወቂያው ነው። ሒሳብ ያዥ ለመቅጠር በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ «ሙሉ ጤነኛ የሆነ» ወይም «መንጃ ፈቃድ ያለው» የሚል ቃል ይገባል። ሒሳብ ያዡ መኪና የማይነዳ ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ለምን ተፈለገ? ቃሉ ከቀድሞ ማስታወቂያ ተገልብጦ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዐይነ ስውሩንና እጁ የተጎዳውን ገና ሳያመለክቱ ይመልሳቸዋል። አዋጁም የአካል ጉዳተኞችን እኩል ዕድል የሚያጠብ መመዘኛን እንደ አድልዎ ቈጥሮታል። ጥንቁቅ አሠሪ ማስታወቂያውን ከማውጣቱ በፊት ሥራው በእርግጥ የሚጠይቀውን ለይቶ ይጽፋል።

ሥራውን ማስማማት የሚባለው ነገር በተግባር ሲታይ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። በቡና ላኪዎች ማዘጋጃ የሚሠሩትን የለቀማ ሠራተኞች ለምሳሌ እንውሰድ። ሥራው ዐይንና ጣት ይፈልጋል፤ እግር ግን አይፈልግም። በልጅነት ልምሻ እግሯ የተጎዳ ሴት ከጓደኞቿ እኩል ልትለቅም ትችላለች። የሚያግዳት ለቀማው ሳይሆን ወደ አዳራሹ የሚያስገባው ደረጃ፣ መደገፊያ የሌለው መቀመጫና በግቢው ጥግ በጭቃ መካከል የተሠራው መጸዳጃ ቤት ነው። መጸዳጃ ቤቱ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ ብዙ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ እንዲውሉ ወይም ሥራውን ጨርሰው እንዲተዉ የሚያደርጋቸው ይህ ነውና። መስማት የተሳነው ሰው በመጋዘን ለመሥራት የሚያስፈልገው የዕቃ ማዘዣው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲደርሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ለባለመጋዘኑም የሒሳብ ማስረጃ ይሆንለታል። ዕቃ ማንሻ መኪና በሚዘዋወርበት ቦታ ከጡሩምባው ጋር የሚበራ መብራት ይጨመራል። ዐይነ ስውሩ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ስልክና ኮምፒዩተር ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከደንበኛ ጋር ይጻጻፋል፤ ገንዘብ የሚቀበል ሲሆን የብር ኖቱን ዓይነት እየለየ በተለያየ አኳኋን በማጠፍ ይይዛል፤ ይህም ዘዴ በብዙ አገሮች ያሉ ዐይነ ስውራን የሚሠሩበት ነው።

በአሜሪካ ስለ ሥራ ቦታ ማስማማት ለአሠሪዎች ምክር የሚሰጥ አንድ ተቋም ምክር የጠየቁትን አሠሪዎች ለብዙ ዓመታት እየተከታተለ ወጪያቸውን መዝግቧል። ከተደረጉት ማስተካከያዎች ግማሽ ያህሉ ምንም ወጪ አላስከተሉም፤ ከቀሩት የሚበዙትም አንድ ጊዜ ብቻ በሚከፈል ጥቂት መቶ ዶላር ተፈጽመዋል። የሰዓት ለውጥ፣ የወንበር ለውጥ፣ የመደርደሪያ ቦታ ለውጥ ገንዘብ አይጠይቅም። የአሜሪካን ዋጋ በኢትዮጵያ እንዳለ መውሰድ አይገባም፤ ነገር ግን የወጪው ዓይነት በሁለቱም አገር ተመሳሳይ ነው።

የሕንጻው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንጻዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉት መግቢያ እንዲኖራቸው አዘዘ። አዲስ ለሚሠራ ሕንጻ ይህ ከንድፉ ጊዜ ከታሰበበት ከባድ አይደለም። ለቀድሞ ሱቆች ግን ስሌቱን ማወቅ ያስፈልጋል። አካል ጉዳተኛው ብቻውን ሊወጣው የሚችል ተዳፋት ለእያንዳንዱ አንድ ሳንቲሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ርዝመት ይፈልጋል። እንግዲህ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ 180 ሳንቲሜትር ተዳፋት ይበቃል፤ ሦስት ደረጃ ላለው ሱቅ ግን ከአምስት ሜትር በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም በጠባብ የእግረኛ መንገድ ላይ አይቻልም። በእንዲህ ያለው ቦታ ባለሱቁ ከመንገዱ በሚደረስበት ከፍታ የመጥሪያ ደወል ሊያደርግና ዕቃውን ወደ ውጭ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል። የበሩ ስፋት ከ80 ሳንቲሜትር ካላነሰ፣ የሽያጭ ባንኮኒውም አንድ ክፍል በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ ዝቅ ካለ የቀረው ይቃለላል። አንዳንድ ባለሕንጻዎች ለይስሙላ የሚሠሩት፣ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ቀጥ ያለ ተዳፋት ግን ባይሠራ ይሻላል።

አካል ጉዳተኛው ተቀጣሪ ብቻ ሳይሆን ራሱ ነጋዴ ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ከዐይነ ስውር ጋር ውል መዋዋል ይቻላልን? ብዙ ነጋድያን፣ አንዳንድ የገንዘብ ተቋማትም ጭምር፣ አይቻልም ወይም ያሠጋል ብለው ያምናሉ። የሥጋቱ ምንጭ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ነው። በዚህ ቁጥር ንኡስ ቁጥር 3 መሠረት ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት መረጋገጥ አለበት፤ ካልተረጋገጠ ፈራሚውን አያስገድደውም። ሁለት ምስክሮች መፈረማቸው ለዚህ አይበቃም፤ በዚህ ብዙ ሰው ተሳስቷል።

ሆኖም ድንጋጌው የወጣው ዐይነ ስውሩ ያላነበበው ወረቀት እንዳያሥረው ለመጠበቅ ነው እንጂ ከንግድ ለማስወጣት አይደለም። ያው ሕግ በቁጥር 192 ማንኛውም ሰው በሕግ ችሎታ የለውም ካልተባለ በቀር በሕግ ፊት የሚጸና ተግባር ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይናገራል፤ ዐይነ ስውርነትም ችሎታን አያሳጣም። ደግሞም በቁጥር 1719 እንደተመለከተው ሕግ በጽሑፍ ይሁን ብሎ ካላዘዘ ወይም ተዋዋዮቹ ካልፈለጉ በቀር ውል ልዩ ፎርም አያስፈልገውም። ስለዚህ ከዐይነ ስውር እህል አቅራቢ ሃያ ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ዕቃውን የሚረከብና ዋጋውን የሚከፍል ነጋዴ ጽሑፍም፣ ውል አዋዋይም አያስፈልገውም። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአቅርቦት ውል፣ የብድር ወይም የቤት ሽያጭ ውል ሲሆን ግን ሁለቱ ወገኖች ሰነድ ወደሚያረጋግጠው ክፍል አብረው ይሄዳሉ፤ ውሉ ይነበብለታል፤ ይፈርማል፤ ጉዳዩም አለቀ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «ምስክር የሚሆን ዘመድ ይዘህ ና» ብሎ ደንበኛውን መመለስ ለነጋዴው ዋስትና አይሰጠውም፤ ዐይነ ስውሩንም ምሥጢሩን ለሌላ ሰው እንዲገልጥ ያስገድደዋል።

የአካል ጉዳተኞች ሥራ በርኅራኄ ሳይሆን በንግድ ሥርዓት ሲመራ ምን ሊደርስ እንደሚችል የስፔን አገር ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1938፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ኦንሴ የተባለው የስፔን ዐይነ ስውራን ድርጅት በመንግሥት ድንጋጌ ተቋቋመ፤ የሎተሪ ትኬት የመሸጥም መብት ተሰጠው። ትኬቱን በየመንገዱ የሸጡት ዐይነ ስውራን ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በየክፍለ ሀገሩ ይወጣ የነበረው ዕጣ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ስለሆነ ገቢው እጅግ አደገ፤ በ1988 ድርጅቱ ሌሎች አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ተቋም አቆመ፤ ከዚያም በሆቴል፣ በልብስ አጠባና በሌሎችም ሥራዎች ገብቶ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ያሉት የንግድ ድርጅት ለመሆን በቃ። በኢትዮጵያም ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ትኬት ከሚያዞሩት መካከል ብዙ አካል ጉዳተኞች ይታያሉ። የሁለቱ ልዩነት ግን ግልጽ ነው። የስፔኑ ሻጭ ደመወዝ፣ ጡረታና የራሱ ድርጅት ያለው ሠራተኛ ሲሆን፣ የአዲስ አበባው አዟሪ በሸጠው ልክ ኮሚሽን ያገኛል፤ ዝናብ በዘነበበት ወይም በታመመበት ቀን ግን ገቢ የለውም።

ለአስመጪዎች አንድ ጉዳይ ይቀራል። ተሽከርካሪ ወንበር በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃ መለያ በቁጥር 8713፣ መለዋወጫው በ8714፣ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ፣ የመስሚያ መሣሪያና የብብት ምርኩዝ በ9021 ይመደባሉ፤ ተራው ከዘራ ግን በ6602 ነው። ምርኩዙን ከከዘራ ጋር ደባልቆ ሰነድ የሚያቀርብ አስመጪ ዕቃው በጉምሩክ ሊዘገይበት ይችላል። ለሆስፒታል ወለል የተሠራው፣ የፊት ጎማው ትንሽና ጠንካራ የሆነው ወንበር በኮብልስቶን መንገድ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ጎማው በድንጋዮቹ መካከል ይሠካል፣ መያዣውም ይሰበራል። ለዚህ አገር መንገድ የሚስማማው ሰፋ ያለ የፊት ጎማ ያለው፣ ወይም በእጅ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ጎማ ዓይነት ነው፤ የኋላ ጎማውም ከተራ ብስክሌት ጎማ ጋር የሚለዋወጥ ቢሆን በማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ይታደሳል። ወንበሩን በሚያዝበት ጊዜ ኩሽኔታውንና የፊት ጎማውን በትርፍ አብሮ ያላዘዘ አስመጪ፣ ገዢው ከጥቂት ወራት በኋላ ወንበሩን በሰው አስጭኖ ወደ መደብሩ ሲመለስበት የሚሰጠው ዕቃ አይኖረውም።